የተቋማት ጽናትና የመንግሥታት አወዳደቅ

መንግሥታት የሚወድቁት ለምንድን ነው? በየመንደሩና በየሥራው ቦታ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «መሪው ደካማ ስለ ነበረ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ድክመት የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሰውየውን በብርቱ ሰው መተካት ችግሩን ሁሉ በፈታው ነበር። ያለፉት መቶ ዓመታት የአገራችን ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። ብርቱ የተባሉት መሪዎች ሁሉን ነገር በእጃቸው ጠቅልለው በመያዛቸው፣ እጃቸው የላላ ዕለት መንግሥቱ አብሮ ላልቷል። ስለዚህ ጥያቄውን ከግለሰብ ጠባይ አውጥቶ ወደ መዋቅር ማሻገር ግድ ይሆናል።

የየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። ቀና ሲል የእንጦጦን ተራራ ያያል፤ ቁልቁል ወደ ቀበና ሲወርድ የኢጣሊያ ኤምባሲን ግቢ ያገኛል። ሁለቱ ስፍራዎች የሁለት ሥርዓቶች ፍጻሜ ምስክሮች ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ ለአገሪቱ ዘመናዊ አስተዳደር መሠረት መጣላቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ሚኒስትሮቹ የሚንቀሳቀሱት በንጉሠ ነገሥቱ ቃል እንጂ ራሱን በቻለ የሥልጣን ድርሻ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ከሥራ ሲርቁ ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ሕጋዊ መልስ ስላልነበረው፣ መልሱ በመኳንንቱ የኃይል ሚዛን ተተካ። እቴጌ ጣይቱ ውሳኔውን በእጃቸው አስገቡ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው ከሥልጣን አራቋቸው። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. አረፉ። ወራሹ ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከመናገሻው ከተማ ርቀው ገዙ። ምኒልክ በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተሰወረ።

የንጉሥ ሞት የሚደበቀው ለምንድን ነው? የሚተካው ሥርዓት ስላልተደላደለ ነው። ምክር ቤት ሊፈታው ያልቻለው ጥያቄ በጦር ሜዳ ተፈታ። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ ልክ በወሩ፣ በጥቅምት 17 ቀን፣ የሰገሌ ጦርነት ሆነ። በሺህ የሚቆጠር ገበሬና ወታደር ያለቀው በቤተ መንግሥት ውስጥ ሊወሰን ይገባው ለነበረ ጉዳይ ነው። እቴጌ ጣይቱ ደግሞ የመጨረሻ ዘመናቸውን በዚያው በእንጦጦ ተራራ ተገልለው አሳልፈው በየካቲት 1910 ዓ.ም. አረፉ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ከዚህ ተምሮ ሕገ መንግሥት ጻፈ፤ ፓርላማም አቆመ። ነገር ግን በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥትም ቢሆን የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተደረገው ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጎበኙ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። መንግሥት በአንድ ሰው አካል ውስጥ ሲያድር፣ ተቃዋሚው የሚጠብቀው የምርጫን ቀን ሳይሆን የአውሮፕላንን መነሣት ነው።

የወሎ ረሃብ ሥርዓቱ ዓይንና ጆሮ እንዳልነበረው አጋለጠ። ሕዝብ ሲያልቅ ዜናው እንዲሸፈን ተደረገ፤ የበታቹ ሹም የበላዩን የማያስደስት ወሬ ማቅረብን ስለሚፈራ የእውነት መንገድ ከታች እስከ ላይ ተዘጋ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ወታደሩ፣ መምህሩ፣ የታክሲ ነጂው፣ በመጨረሻም የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በአጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲነሡ፣ አቤቱታውን ተቀብሎ የሚፈታ ተቋም አልተገኘም። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ለቀቁ፤ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ፤ በሐምሌ ደግሞ ሚካኤል እምሩ ተሾሙ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ሰባት ወር በማይሞላ ጊዜ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች መፈራረቃቸው አለመረጋጋቱን አላበረደውም። ሰው ቢለዋወጥም ወንበሩ ሥልጣን አልነበረውምና።

ደርግ ደካማነትን የሚጠላ መንግሥት ነበር። በወታደራዊ ደንብ የተደራጀ፣ በኋላም ፓርቲና ሕገ መንግሥት ያለው መንግሥት ለመሆን የበቃ ነው። ግን በውስጡ የሥልጣን ጥያቄ የሚፈታው በጥይት ነበር። ጄኔራል አማን አንዶም በኅዳር 1967፣ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ በጥር 1969፣ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በኅዳር 1970 ዓ.ም. ተገደሉ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያለ ባለሥልጣን ከሥራው ይልቅ ሕይወቱን መጠበቅ ይማራል። በየካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴየር ጄኔራል ታሪኩ ዐይኔ ተረሸኑ፤ በወሩ ዕዙ በአፍአበት ተደመሰሰ። በግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥትም እንደ 1953ቱ መሪው ወደ ውጭ ሲበር የተነሣ ነው። ከክሽፈቱ በኋላ ሠራዊቱ የተማሩና የተፈተኑ ጄኔራሎቹን በሞት አጣ። ጠላት ሊያደርገው ያልቻለውን መንግሥት በራሱ ላይ ፈጸመው።

በ1979ኙ ሕገ መንግሥት የበላዩ የመንግሥት ሥልጣን አካል ብሔራዊ ሸንጎ ነበር። ሆኖም በግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ለቀው ሲወጡ፣ ሕዝቡ ነገሩን የሰማው ከሄዱ በኋላ በሬዲዮ ነው። የተተኩት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን በሥልጣን ላይ የቆዩት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ፣ እሳቸውና ሌሎች ከፍተኛ ባለሥልጣናት በኢጣሊያ ኤምባሲ ተጠግተው ነበር። ጄኔራሉ በዚያው ግቢ እንዳሉ በ1996 ዓ.ም. አረፉ፤ የቀሩት ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላና ሌተና ኮሎኔል ብርሃኑ ባየህ ግን የአመክሮ ውሳኔ ያገኙት በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነው። መቶ ሺዎችን ያዘዘ መንግሥት ቅሪቱ ለሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ግቢ አጥር ውስጥ ተወሰነ።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ዕጣ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት ከኅዳር 1975 እስከ መጋቢት 1977 ዓ.ም. ድረስ ብሬዥኔቭ፣ አንድሮፖቭና ቼርኔንኮ ተከታትለው በሥልጣን ላይ ሞቱ። የመተካካት ሥርዓቱ በአዛውንቶች መካከል ብቻ የሚዞር በመሆኑ፣ ለውጡ ሲመጣ ዘግይቶ መጣ፤ በ1984 ዓ.ም. ኅብረቱ ፈረሰ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያለውም ሂደት ትምህርት አለው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲያርፉ ሥልጣን ያለ ተኩስ ወደ ምክትላቸው ተላልፏል፤ ተተኪያቸው ኃይለ ማርያም ደሳለኝም በየካቲት 2010 ዓ.ም. በፈቃዳቸው ለቅቀዋል። ይህ ከሰገሌ ጋር ሲነጻጸር እርምጃ ነው። ነገር ግን በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተቀሰቀሰው ጦርነት ከመነሣቱ በፊት፣ ስለ ምርጫ መራዘምና ስለ ሥልጣን ሕጋዊነት የተነሣውን ክርክር ተቋማት ሊዳኙት አልቻሉም። የወንበር መተላለፍ ብቻውን የሥርዓትን ጽናት እንደማያረጋግጥ ከዚህ እንረዳለን።

ከላይ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች ሦስት የጋራ ባሕርያት አሏቸው። አንደኛ፣ የመተካካት ጥያቄ እንደ ነውር ተቆጥሮ መልሱ እስከ ቀውሱ ዕለት ይዘገያል። ሁለተኛ፣ በወረቀት ላይ ያሉ ምክር ቤቶች መወሰንን ስላልለመዱ፣ መወሰን ባለባቸው ሰዓት ዝም ይላሉ። ሦስተኛ፣ እውነትን የሚናገር የበታች ሹም ስለሚቀጣ መሪው የሚያየው የራሱን መልክ ብቻ ነው። ሦስቱ በተገናኙበት ስፍራ የመሪው ብርታት ድክመቱን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም።

ሰፊው ሕዝብ ግን የተሻለ ምሳሌ በእጁ ይዟል። የየሰፈሩን ዕድር እንመልከት። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ መተዳደሪያ ደንቡ የታወቀ፣ ሒሳቡ በአባላት ፊት የሚነበብ ነው። ዳኛው ሲያርፉ ዕድሩ እሳቸውን በክብር ቀብሮ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ዳኛ ይመርጣል። ሞታቸውን የሚደብቅ የለም፤ ሳጥኑን ይዞ የሚሸሽም የለም። ነገሥታቱና ጄኔራሎቹ ያልቻሉትን ተራው ነዋሪ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል።

ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበር አባል፣ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፣ እንዲሁም ማንኛውም ዜጋ በድርጅቱም ሆነ በመንግሥቱ ላይ ሊያቀርበው የሚገባው መመዘኛ አንድ ነው። ሊቀ መንበሩ ነገ ቢታመም ሥራው ይቀጥላልን? ሒሳቡን የሚመረምረው ሰው ሒሳቡን ከያዘው ሰው የተለየ ነውን? መጥፎ ዜና ያመጣ ሰው ይደመጣልን ወይስ ይባረራል? ለነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ የሌለው ድርጅት፣ መሪው ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ የቆመው በተውሶ ምርኩዝ ነው። ጥያቄዎቹን በየስብሰባው በወቅቱ ማንሣት፣ መልሱም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግ የሁላችንም ግዴታ ነው።