የኢትዮጵያና የኤርትራ ግንኙነት መታደስ፦ ምክንያቶቹና ለዜጎች ያለው ፋይዳ

ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የሚጫን ቡና አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከዚያም እስከ ወደብ ሌላ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። የመጓጓዣው ወጪ በመጨረሻ የአምራቹን ገቢ የሚነካ በመሆኑ፣ ሀገራችን ከጎረቤቶቿ ጋር ያላት ግንኙነት ለደቡብ ምዕራቡ ቡና አምራች የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው የሀገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ በአሰብ ወደብ ይስተናገድ ነበር። በዚያው ዓመት የተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፤ ቤተሰብን ከቤተሰብ ለየ፤ ንግዱንም ወደ ጅቡቲ አዞረ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. የተፈረመው የአልጀርስ ስምምነት ጦርነቱን በይፋ ቢቋጭም፣ የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ባለመተግበሩ ጦርነትም ሰላምም የሌለበት ሁኔታ ለ16 ዓመታት ቀጠለ።

ይህ ሁኔታ በ2010 ዓ.ም. የተለወጠው በአንድ ምክንያት ብቻ አልነበረም። በመጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ የአመራር ለውጥ ተደረገ፤ ግንቦት 28 ቀንም ገዥው ፓርቲ የአልጀርስን ስምምነትና የኮሚሽኑን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል አስታወቀ። ሁለተኛ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ሥር የነበረችው ኤርትራ ከመገለል ለመውጣት ትሻ ነበር። ሦስተኛ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና ሳዑዲ ዓረቢያ መቀራረቡን ደገፉ። ከሁሉም በላይ ግን፣ በጠላትነት መቆየት ለሁለቱም ወገኖች ከዕርቅ ይልቅ ውድ ሆኖ ነበር።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአሥመራ የተፈረመው የጋራ መግለጫ የጦርነቱ ሁኔታ ማብቃቱን አወጀ፤ ትራንስፖርት፣ ንግድና ቴሌኮሙኒኬሽን እንዲቀጥሉም ወሰነ። የስልክ መስመር ተከፈተ፤ ሐምሌ 9 ቀን የኤርትራ ኤምባሲ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሥመራ በረረ፤ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የድንበር መተላለፊያዎች ተከፈቱ።

ይሁንና መተላለፊያዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ መልሰው ተዘጉ፤ የአየር በረራውም ከጊዜ በኋላ ተቋረጠ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የመሪዎች ስምምነት በር ይከፍታል፤ በሩን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ግን የጉምሩክ፣ የቪዛ፣ የንግድና የወደብ አጠቃቀም ዝርዝር ውል ነው። ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ለዜጋው ሙሉ ትርጉም የሚኖረው፣ ዘመዱን ለመጠየቅ፣ ሰነዱን ለማረጋገጥና ምርቱን ለመላክ የሚያስችለው ቋሚ አሠራር ሲዘረጋ ነው።