ጥገናውን የዘጋው ኮሮና አይደለም

ስለ ቢኖኩላር አምራቾችና ስለ 2020 (እ.ኤ.አ.) ሲወራ ታሪኩ አንድ ዓይነት ነው፦ ኮሮና መጣ፣ ፋብሪካ ቆመ፣ ጥገና ዘገየ፣ ምን ይደረግ! የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እቀበላለሁ። ሦስተኛውን ግን አልውጥም።

ስዋሮቭስኪ ኦፕቲክ ያለው አብሳም ውስጥ ነው፤ በኦስትሪያዋ ቲሮል። ቫይረሱን ወደ ብዙ የአውሮፓ አገሮች የበተነችው የበረዶ መንሸራተቻ መንደር፣ ኢሽግል፣ እዚያው ቲሮል ናት። በማርች 2020 የክልሉ 279 ማዘጋጃ ቤቶች በሙሉ ኳራንቲን ገቡ። ሰው ከሚኖርበት ከተማ መውጣት ባልቻለበት ሰሞን ሌንስ ለምን አልተወለወለም የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ፈላጊው ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ ቤት የዋለው ሕዝብ በመስኮት ወፍ ማየት ያዘ። ሜይ 9 ቀን 2020 በተደረገው ዓለም አቀፍ የወፍ ምልከታ ቀን ከ50,000 በላይ ሰው ተሳትፏል።

ጥገና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥሩ ቢኖኩላር ውስጡን ጭጋግ እንዳይዘው ናይትሮጅን ተሞልቶ በጎማ ቀለበት ይታሸጋል። ሁለቱ ቱቦዎች በትክክል ወደ አንድ አቅጣጫ ካላዩ ዓይን ይደክማል፣ ራስ ያማል። ስለዚህ እቤታችሁ ፍቱት አልልም። ሆኖም ማስተካከያ መሣሪያውም ሆነ ደረቅ ናይትሮጅኑ ምስጢር አይደሉም፤ የሠለጠነ ባለሙያ ገዝቶ ሊሠራባቸው ይችላል። የሚቸግረው ለዚያ ሞዴል የተሠራው ፕሪዝም፣ ቀለበቱና የአፈታት መመሪያው ነው። እነዚህን አምራቹ አብዛኛውን ጊዜ ለራሱና ለመረጣቸው ጥቂት ማዕከላት ብቻ ይይዛል።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። በእኛ ሙያ ሁሉን ነገር አንድ ሰርቨር ላይ ከምሮ፣ ሰርቨሩ ሲወድቅ መብራት ኃይልን የሚረግም ሰው አይከበርም። መብራት እንደሚጠፋ ታውቅ ነበራ!

ቀኑን ማየት ይበቃል። ኒኮን አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ከሰጣቸው ጥገና ቤቶች ጋር የነበረውን ፕሮግራም በማርች 2020 መጨረሻ እንደሚያቆም ያሳወቀው በ2019፣ ዓለም ስለ ኮሮና ሳይሰማ ነው። እርግጥ ነገሩ በዋናነት የካሜራ ነበር፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ከተማ ሁሉ በሩን በዘጋበት ወር ጠጋኝ እንዲቀንስ የተወሰነው ቢሮ ውስጥ እንጂ ሆስፒታል ውስጥ አይደለም።

«አንዳንዶቹ እኮ ዋስትናው ካለፈ በኋላም በነፃ ይጠግናሉ» የሚለኝ አይጠፋም። ይጠግናሉ፣ ይመስገኑ። ግን ይህ በጎ ፈቃድ ነው፤ ፖስታው ሲቆምና ፋብሪካው ሲዘጋ አብሮ ይቆማል። ባለቤቱ ሰፈሩ ያለ ባለሙያ ጋ ልሂድ ቢል መለዋወጫ የለም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የመጠገን መብት መመሪያ ልብስ ማጠቢያንና ስልክን ይዘረዝራል፤ ቢኖኩላር እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። መግባት አለበት። እስኪገባ ድረስ ግን አምራቾቹ ቀለበቱንና መመሪያውን ለጠጋኞች ከመሸጥ የሚከለክላቸው የለም።