«ከኔ በላይ ላሣር» የሚል ክርስቲያን

እናንተ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ! የአባቶቻችን ምሳሌያዊ አነጋገር ሁሉ ጥበብ ነው ብላችሁ አትመኑ። ብዙው ጥበብ ነው፤ ጥቂቱ ግን ከትዕቢትና ከስስት ተወልዶ ሳለ ከጥበቡ ጋር ተቀላቅሎ ይኖራል። ዛሬ አራቱን እከሳለሁ። አንዱ «ከኔ በላይ ላሣር» ይላል። ሁለተኛው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል። ሦስተኛው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል። አራተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ይላል።

እነዚህን በሐራ ገበያ፥ በመርሳም ሆነ በወልድያ፥ በየጠላ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ስንሰማ እንስቃለን እንጂ አንቈጣም። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናኑን እግር ሲያጥብ ቆመን እናያለን። ጌታ በዚያች ሌሊት ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ፥ እነርሱም እርስ በርሳቸው እንዲሁ እንዲያደርጉ እንዳዘዘ ሲነበብ እንሰማለን። ፋሲካ አልፎ ወደ ወንበራችን ስንመለስ ግን ድኻውን ባለጉዳይ ደጅ እናስጠናዋለን። እንግዲያው ያ ሥርዓት የታየው ለዐይን ብቻ ነውን?

«ይህ ሰው ባህላችንን ይነቅፋል» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ባህልን ሁሉ አልነቅፍም። በወሎ ሰው ሲሞት የቅሬው አባል ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፥ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን ሐዘን እንደ ራሱ ሐዘን ይቈጥራል። አቅም ላነሰው ሰው እርሻው በደቦ ይታረስለታል፥ አዝመራው በደቦ ይሰበሰብለታል። ይህም ባህላችን ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የምንመርጠው የትኛውን ነው?

ሌላው ተቃዋሚዬ «ትሕትና የደካማ ጠባይ ነው፤ አገር የሚጠበቀው በኩራት ነው» ይላል። ለዚህ መልሱን ከወሎ ታሪክ ያገኛል። በ1965 ዓ.ም. ረኃብ በጸና ጊዜ ገበሬው ቀዬውን ለቆ፥ ልጆቹን ይዞ በደሴና በወልድያ በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ፈሰሰ። መንግሥት ግን የአገር ስም እንዳይጠፋ፥ ክብርም እንዳይነካ ብሎ ነገሩን ሸሸገው። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን የረኃቡን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ቢያሳዩም ከባለሥልጣኖቹ በጊዜው የሰማቸው አልነበረም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ዓለም ሰማ። እስከዚያ ድረስ ግን እጅግ ብዙ ሺህ ሰው አልቆ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ረኃብ በቴሌቪዥን ለሕዝብ አሳየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ።

ታዲያ ኩራት ማንን ጠበቀ? የተራበውን አልጠበቀም፤ ዙፋኑንም አልጠበቀም። «ወገኔ ተርቧልና እርዱኝ» ማለት ትሕትና ነበር፤ ቢባል ኖሮ የብዙ ሰው ነፍስ በዳነ ነበር። ትሕትና እውነትን ለመናገር መድፈር ነው እንጂ ፍርሃት አይደለም።

ይሁን እንጂ ያለፉትን ሹማምንት ወቅሰን ራሳችንን ነጻ አናውጣ። ዛሬም የምስክር ወረቀት ከተቀበለ ወዲህ የአባቱን ሞፈር መያዝ የሚያፍር፥ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን የሚንቅ ወጣት አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአፋችን አልወጣም። ጳውሎስ ሐዋርያ ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ጌታም ያደገው በጠራቢ ቤት ነው። በእጅ ሥራ የሚያፍር ሰው በማን እንደሚያፍር ያስተውል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ! ስትሾሙ ስለምትበሉት ሳይሆን ስለምታገለግሉት ሰው አስቡ። ስትቆርሱ ትልቁን ጉርሻ ለባልንጀራችሁ አድርጉ። ስለ አራተኛው ምሳሌ ብዙ አልከራከርም፤ በሐብሩ ምድር በስተርጅና የማንጎ ችግኝ የሚተክሉ አባት ይመልሱለታል። እርሳቸው ፍሬውን ላይበሉት ይችላሉ፤ ግን ይተክላሉ።