ያጎረሰን ቀዬ ሲርበው



በካፌ ሰልፍ ላይ ደጋግመን የምንሰማው ቃል «ዛሬም ሽሮ?» የሚለው ነው። እኛም ብለነዋል፤ ነገም ሳንለው አንቀርም። ወጡ የሚቀጥንበት፣ እንጀራው የሚደርቅበት ቀን ስላለ ቅሬታው መሠረት የለውም አንልም። ግን ብዙዎቻችን ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከባሌ፣ ከስልጤና ከአፋር ገጠሮች የመጣን ነን። ለክረምት ዕረፍት ወደየቀዬአችን ስንመለስ ያው የምናማርረው ሽሮ በሐምሌ ወር በየቤቱ እንደማይገኝ በዓይናችን እናያለን። እኛ እዚህ በቀን ሦስት ጊዜ ስንሰለፍ፣ ታናናሾቻችን እዚያ በአንድ ምግብ የሚውሉበት ቀን አለ። ዛሬ ልናነሳ የፈለግነው ይህንን ነው፤ ጀመዓችንም ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ነገር።

በበለጸጉት አገሮች «የምግብ በረሃ» የሚባል አነጋገር አለ። በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ሲሠራበት በቆየው አንድ መለኪያ፣ ድህነት የበዛበት የገጠር አካባቢ ሆኖ ብዙ ነዋሪው ከትልቅ የምግብ መደብር ከ10 ማይል በላይ ከራቀ በዚህ ስም ይጠራል። 10 ማይል 16 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። እዚያ አብዛኛው ሰው ይህንን በመኪና ይሄደዋል። ከእኛ መካከል ግን የቅርቡ ሳምንታዊ ገበያ ከቤታችን በእግር ሦስት ሰዓት የሚወስድብን አለን። መመለሻው ሌላ ሦስት ሰዓት ነው፤ ያውም ሸክም ይዞ። ክረምት ወንዙ ከሞላ ደግሞ ገበያው ለዚያ ሳምንት የለም ማለት ነው።

ቀበሌው ውስጥ ሱቅ የለም አይባልም። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ፣ ፓስታና ሳሙና ሞልቷል። ሽንኩርትና ቲማቲም ግን ከገበያ ቀን ውጭ አይታሰቡም። እንቁላልስ? ዶሮዋ የራሳችን ናት፤ እንቁላሉ ግን ተጠራቅሞ ለጨው፣ ለዘይትና ለደብተር መግዣ ወደ ከተማ ይሄዳል። እናቶቻችን ያረቡትን ለልጆቻቸው ሳያቀምሱ ይሸጣሉ። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። መቀንጨር የቁመት ማጠር ብቻ አይደለም። ልጁ ነገ ክፍል ገብቶ የሚማርበትን አእምሮም ይነካል።

ታዲያ መንገድ ቢሠራ ይበቃል? የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች «አዎ» ለማለት እንቸኩላለን። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ዓላማው እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር፤ መልካም ዓላማ ነው። ነገር ግን የወሎ ታሪክ መንገድ ብቻውን እንደማይበቃ ያስተምረናል። የኢኮኖሚክስ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብን መርምሯል። ያገኘው ነገር አስደንጋጭ ነው። የአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙ አልተለየም። የወሎ ገበሬ ግን ማሳው ስለደረቀበት የሚበላውም የሚሸጠውም አልነበረውም፤ ከብቱም ዋጋ አጣ። ገንዘብ የሌለው ሰው ገበያ ላይ ድምፅ ስለሌለው፣ ሰው እየተራበ ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። የተራቡት ሰዎች ዋናው አውራ ጎዳና ላይ ቆመው አላፊ መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። መንገዱ ነበረ፤ እህሉም በመንገዱ ላይ አልፏል።

ስለዚህ ርቀት ሁለት ዓይነት ነው፤ የእግር ርቀትና የኪስ ርቀት። የመጀመሪያውን አስፋልት ያሳጥረዋል፤ ሁለተኛውን አያሳጥረውም።

የኪስ ርቀት በየዓመቱ እንዴት እንደሚፈጠር ከገበሬ ቤት የመጣን ሁሉ እናውቀዋለን። በታኅሣሥና በጥር እህል ይወቃል። የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ልብስ፣ የሠርግ ወጪ አንድ ላይ ይመጣሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። የተረፈውን ደግሞ ነቀዝ ይካፈለዋል። ሐምሌ ሲደርስ ያው ገበሬ የገዛ ጤፉን ወይም ማሽላውን ከነጋዴ በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል። አባቶቻችን ሞኞች ስለሆኑ አይደለም፤ የሚጠብቁበት አቅም ስለሌላቸው ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የብዙ ቤተሰብን ክፉ ቀን አሳልፏል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ሴፍቲኔት ለተመዘገበ ሰው ነው፤ ከመዝገቡ ጥግ የቀረው ጎረቤት ሐምሌን የሚያልፈው በብድር ነው።

ዲናችን ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲናንና አካባቢዋን ድርቅ ሲመታ ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ሕዝቡ እስኪያገኝ ድረስ ቅቤና ሥጋ ትተዋል። ዱዓ አደረጉ፤ የዝናብ ሶላት ሰገዱ። በዚያ ግን አላበቁም። ለሻምና ለሚስር ገዥዎቻቸው ጻፉ፤ እህል ከሻም በግመል፣ ከሚስር በባሕር መጣ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) የአባይን ወንዝ ከቀይ ባሕር ጋር ያገናኝ የነበረውን ጥንታዊ ቦይ እንደገና አስቆፍረዋል፤ ቦዩም በአሚረል ሙእሚኒን ስም ተጠራ። ለረሃብ የተሰጠው መልስ ዱዓ፣ ከሕዝብ ጋር አብሮ መጦምና ቦይ መቆፈር ነበር። ሦስተኛው የእኛ የምህንድስና ተማሪዎች ድርሻ ነው።

ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) በጥጋቡ ዘመን እህል ከነዛላው እንዲቀመጥ መክረው አገር አድነዋል። ሐሳባችን ከዚህ የራቀ አይደለም። ጀመዓችን በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ መድረሳ ግቢ፣ አንድ ትንሽ የእህል ጎተራ ይጀምር። 300 አባላት ከጥቅምት እስከ ጥር በወር 50 ብር ብናዋጣ 60,000 ብር ይሆናል። በጥር ዋጋው ሲወርድ ከዚያው ቀበሌ ገበሬዎች እህል እንገዛለን። በደንብ ደርቆ፣ አየር በማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይታሸጋል። ነቀዝ ያለ አየር ስለማይኖር መድኃኒት አያስፈልግም። በሐምሌና በነሐሴ በተገዛበት ዋጋ፣ የከረጢትና የማጓጓዣ ብቻ ተጨምሮ ይሸጣል። መክፈል ለማይችል በቀርድ ሐሰን ይሰጠዋል፤ እህል ወስዶ በጥር ያንኑ ያህል፣ ያለ አንዳች ጭማሪ ይመልሳል። ምንም ለሌለው ሰደቃ ነው። የተመለሰው ገንዘብና እህል ለሚቀጥለው ዓመት ይዞራል።

«ይህ ክምችት ኢሕቲካር አይሆንም ወይ?» ብሎ የጠየቀን ወንድም አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዋጋ እንዲወደድ እህል የሚያከማችን ሰው አጥብቀው አውግዘዋል። የኛ ጎተራ ግን የሚከፈተው ዋጋው ሲወደድ፣ የሚሸጠውም በርካሹ ወቅት ዋጋ ነው፤ ዓላማው የአከማቹን ሥራ ማፍረስ ነው። ያም ሆኖ ከመጀመራችን በፊት ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እናቅርብ።

«የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። አዎ፣ ትልቁ ሥራ የመንግሥት ነው፤ የትንሹ ግዴታ ግን በትልቁ አይወርድልንም። «ገንዘቡ ይባክናል» የሚለው ስጋት ከሁሉም ይከብደናል፤ ምክንያቱም የአማና ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ በየወሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ቀበሌው ላይም ኢማሙ፣ ሽማግሌዎችና ቢያንስ ሁለት እናቶች ያሉበት ኮሚቴ ቁልፉን በጋራ ይያዝ። ጎተራው ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ክፍት ይሁን፤ ረሃብ ቤት አይመርጥም፤ የጎረቤት ሐቅም እንዲሁ።

በየትኛው ቀበሌ እንጀምር? በግምት አንወስን። በዚህ ዕረፍት እያንዳንዳችን ከቀዬአችን አራት ቁጥር ይዘን እንመለስ። ወደ ገበያ በእግር ስንት ሰዓት ነው? ወደ ወፍጮስ? የአንድ ኩንታል እህል ዋጋ በጥር ስንት ነበር? ዛሬስ ስንት ነው? ቁጥሮቹን አሰባስበን የባሰበትን እንመርጣለን። የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉም ከዚህ የተሻለ አታገኙም።

በመጨረሻ አንድ ዕዳ እናስታውስ። ብዙዎቻችን ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ነው ያደግነው። ከኛ በፊት የነበሩት ደረሶች ቂርኣታቸውን የጨረሱት የቀዬው ሰው ከማዕዱ እየቆረሰ ስላጎረሳቸው ነው። ያጎረሱት ጠግበው የተረፋቸው አልነበሩም፤ በሐምሌም ሰጥተዋል። ያን ዕውቀት ከእነዚያ ደረሶች ወርሰን እዚህ ደርሰናል። ባለፈው ረመዷን የኢፍጣር ዝግጅታችን ላይ የተረፈውን እንጀራ የት እንደጣልነው ሁላችንም እናውቃለን፤ ጽሑፉን የጀመርነው ያን ቀን ነበር። የሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ሐሳቡን እናቀርባለን፤ ለመቃወምም ቢሆን ኑ። አላህ (ሱ.ወ) ያጎረሱንን የምናጎርስ ያድርገን።