ለሚረግፍ ፀጉር ከክኒን በፊት ምርመራ

ፀጉሩ መርገፍ የጀመረ ሰው ሐኪም ከማማከሩ በፊት የባዮቲን ክኒን ገዝቶ መዋጡ የተለመደ ሆኗል። ክኒኑ «ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብ ግን፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ሊፈተሽ ይገባዋል።

የራስ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት የሚዘልቅ የዕድገት ጊዜና 3 ወር ገደማ የሚቆይ የዕረፍት ጊዜ አለው። በቀን እስከ 100 ፀጉር መርገፉም ጤናማ ነው። ወሊድ፣ ከባድ ትኩሳት ወይም ክብደት ለመቀነስ ሲባል ምግብን በእጅጉ መተው ብዙ ፀጉሮችን በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገፋል፤ መርገፉ የሚታየው ግን ከ2 ወይም ከ3 ወራት በኋላ ነው። መንስኤው ከተወገደ ፀጉሩ በወራት ውስጥ በራሱ መመለስ ይጀምራል። በዚያው ወቅት ክኒን ሲወስድ የቆየ ሰው ክኒኑን ቢያመሰግን አያስደንቅም፤ ሆኖም ማነጻጸሪያ የሌለው ምስክርነት ማስረጃ አይሆንም።

የባዮቲን እጥረት ፀጉርን እንደሚያረግፍ እሙን ነው፤ ነገር ግን እጥረቱ እምብዛም አያጋጥምም። ለአንድ አዋቂ በቀን 30 ማይክሮግራም የሚበቃ ሲሆን፣ ለፀጉር ተብለው የሚሸጡ ብዙ ክኒኖች 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ይይዛሉ። በአንጻሩ የአይረን እጥረት በተለይ የወር አበባ በሚያዩ ሴቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ጤፍ አይረን ያለው እህል መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይሰጥም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴትና ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡና አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ያውካሉ፤ የሊጡ መብላላትና ቫይታሚን ሲ ያላቸው አትክልቶች ደግሞ ያግዛሉ። ስለዚህ ሊለካ የሚገባው የተበላው ብቻ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ የተከማቸው ጭምር ነው።

የከፋው ጉዳት ከዚህ ይከተላል። በደም ውስጥ የበዛ ባዮቲን አንዳንድ የላቦራቶሪ ምርመራዎችን ያዛባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ስለዚሁ ያስጠነቀቀ ሲሆን፣ የልብ ድካምን ለመለየት የሚያገለግለው የትሮፖኒን ምርመራም ከሚዛቡት አንዱ ነው። የታይሮይድ ምርመራም እንዲሁ ይዛባል። የታይሮይድ ሕመም ራሱ ፀጉርን ከሚያረግፉ መንስኤዎች አንዱ በመሆኑ፣ ለመፍትሔነት የተወሰደው ክኒን እውነተኛውን መንስኤ ሊሸፍን ይችላል። ከልክ ያለፈ ሴሊኒየምና ቫይታሚን ኤ ደግሞ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ።

በመሆኑም ቅደም ተከተሉ ሊስተካከል ይገባል። በመጀመሪያ ያለፉት ወራት ታሪክ፣ አመጋገቡ፣ የዘር ሁኔታና የሹሩባው ጥብቀት ይጠየቅ፤ ቀጥሎም የደም ማነስ፣ የፌሪቲንና የታይሮይድ ምርመራ ይደረግ፤ ባዮቲን የሚወስድም ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን አስቀድሞ ያቁም። በዚህ ርዕስ ላይ ለምንሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ኃላፊነቱ ግልጽ ነው፤ መጠይቅ ብቻ ሳይሆን የደም ልኬትና ማነጻጸሪያ ቡድን ያለው ጥናት እናቅርብ። እጥረቱ ሳይታወቅ የሚሰጥ ንጥረ ነገር ሕክምና ሳይሆን ግምት ነው።