ቁልፉስ ደረሳት፣ ሰፈሩስ?



ሰሞኑን አክስቴ ኮንዶሚኒየሟን አከራይታ መሀል ከተማ ወደ አንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ተመለሰች። ዘመድ ሁሉ "እድሏን ረገጠች" እያለ ነው። የ20/80ውን ቅድመ ክፍያ በቁጠባዋ ላይ የሞላሁላት እኔ ነኝ፤ እዚህ ሰው ቤት ዕቃ እያጠብኩ ካጠራቀምኩት። ተናድጄ ደወልኩላት። ሰምቻት ስጨርስ ግን በእሷ መናደዴን ተውኩ።

አክስቴ በቀበሌ ቤት ደጃፍ እንጀራ ሸጣ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ደንበኞቿ በእግራቸው የሚመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። አዲሱ ቤቷ ከተማ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃው ወደ ላይ ስለማይወጣ ጀሪካን ትሸከማለች (እኔስ እዚህ ሌላ ምን እሠራለሁ!)። እንጀራዋን መሀል ከተማ አድርሳ ስትመለስ ትርፉን ታክሲ ይበላዋል። ዕድሯም እዚያው ቀረ።

የሚያበሳጨው፣ እቅዱ ይህን ሁሉ አስቦት ነበር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ ሳሉ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ምድር ላይ ሱቅ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ ደግሞ የጋራ ሕንፃ ነበረው። ድሀውና ደህና ገቢ ያለው በዕጣ ጎረቤት እንዲሆኑም ታስቧል። ፈረንጆቹ "ኒው ኧርባኒዝም" የሚሉትም ከዚህ አይርቅም፦ ቤት፣ ሥራና ገበያ በእግር የሚደረስ ይሁን ነው። ግን ሱቆቹ በጨረታ ተሸጡ። ከባለሀብት ጋር ተጫርታ ያሸነፈች ጉሊት ቸርቻሪ ያየ ይንገረኝ! በአክስቴ ሳይት ደግሞ የጋራ ሕንፃው ተቆልፎ ተቀምጧል።

እዚህም ያው ነው። ሐርጌሳ መሀል ስቴት ሃውስ ሰፍረው ከነበሩት ተፈናቃዮች ከፊሎቹ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ዲጋሌ ሲዛወሩ መጠለያ አገኙ፤ የቀን ሥራው ግን ከተማ ውስጥ ቀረ። የሐሳቡ ምሳሌ ተብላ የምትጠቀሰው የፍሎሪዳዋ ሲሳይድም ዛሬ የሀብታም መዝናኛ መንደር ናት።

ቤቱን ማጣጣሌ አይደለም። ወር በመጣ ቁጥር አከራይ የሚያንኳኳበት ስደተኛ የራስ ቁልፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አክስቴም ዛሬ የምትደጎመው በዚያው ቤት ኪራይ ነው። ግን ሕንፃው ስለቆመ እቅዱ ተሳካ አይባልም። ተሳካ የሚባለው ዕጣ የወጣላት ሴት እዚያው ኖራ፣ እዚያው ሠርታ ስትበላ ነው።

ስለዚህ ከሱቆቹ ጥቂቱ ያለ ጨረታ ለነዋሪው ይከራይ። የጋራ ሕንፃው ይከፈት። ከአንድ ሰፈር የሚነሱ ሰዎች ከነዕድራቸው አንድ ላይ ይመደቡ።

ዘመዶቼ፣ አክስቴን ተዉአት። የረገጠችው እድል የለም፤ የሄደችው እንጀራዋ ወዳለበት ነው። ለቅድመ ክፍያ የምትልኩ የስደት ጓዶቼም፣ "ስንት መኝታ ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ከበሩ ስትወጣ ምን ሠርታ ትበላለች?" ብላችሁ ጠይቁ።