ይቅር ብለናል፤ ካሳውስ?



ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ያለፈ ሰው ቆሼን ያውቃታል። በገበያ ቀን በርበሬ የጫነ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ የአህያ ጋሪና እግረኛ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። እንግዲህ በዚያ አንድ አባወራ በመኪና ተገጭቶ ሞተ እንበል። ለቅሶው ሳያበቃ የባለመኪናው ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ከመካከላቸውም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይጠፋም። “እህታችን፣ ይቅር በዪ” ይሏታል። እርሷም በእውነት ይቅር ትላለች። ወዲያው ለቀብር ወጪ የምትሆን ጥቂት ብር ይሰጧትና ወረቀት ያስፈርሟታል።

ወገኖቼ፣ ይህ እርቅ ነው ወይስ ማስፈረም? ይቅርታ የልብ ጉዳይ ነው፤ ካሳ ደግሞ የልጆች እንጀራ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 21 ሰውን መትቶ ያቆሰለ፣ ቁስለኛው ሥራ የፈታበትን ጊዜ እንዲከፍልና እስኪድን እንዲያሳክመው ታዟል። ካሳ መጠየቅ ቂም መያዝ ቢሆን ኖሮ እግዚአብሔር ባላዘዘው ነበር።

በሽምግልና መጨረስ ግን መልካም ነው። የጉራጌ ሕዝብ በየጆካም ሆነ በጎርደና ሴራ የደም ጉዳይ ሳይቀር በሽማግሌ ሲያስታርቅ የኖረ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 የወንድማማቾች ክስ በወንድሞች መካከል እንዲታይ ሲመክር የፈለገው አስተዋይ ሰው ነው። አስተዋይ ሽማግሌ ደግሞ ሕጉን ጠይቆ ይቀመጣል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ባለመኪናው ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናውን ያሽከረከረው ያልፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ለጉዳቱ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ሾፌሩን ብቻ ልኮ “ድኻ ነው፣ ምን ይክፈል” ማሰኘት አያዋጣም። ሰው ሲሞት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በሟች ሲጦሩ የነበረውን ያህል ይጠይቃሉ። ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ሊታገድ ስለሚችል፣ “ዛሬ ነገ” የሚል ሽምግልና ራሱ ጉዳት ነው።

የሦስተኛ ወገን መድንም አለ። አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ መድን ሰጪው ለሞት እንዲከፍል ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። የዛሬውን ልክ ከመድን ድርጅቱ ጠይቁ። ነገር ግን የመድኑ ጣሪያ የባለመኪናው ዕዳ ጣሪያ አይደለም፤ ቀሪው ከእርሱ ይጠየቃል። ባለመኪና የሆናችሁም ድርጅቱ ሳያውቅ በሽማግሌ ፊት ገንዘብ አትቁረጡ፤ በኋላ “ያልፈቀድነውን አንከፍልም” ሊላችሁ ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። በስምምነት ላይ የተጻፈ ፊርማ በቁጥር 3312 መሠረት ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። አጥንቱ የተሰበረ ሰው የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን ሳይወስን አልጋ ላይ ሆኖ አይፈርም። የዛሬው ስብራት የነገ አካል ጉዳት ሊሆን ይችላልና።

የወንጀሉ ክስስ? በቸልተኝነት ሰው መግደል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 543 ያስቀጣል፤ ቤተሰቡ ስለታረቀ ዐቃቤ ሕግ አይታሰርም። ሆኖም የተጸጸተና ጉዳቱን የካሰ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ስለዚህ “ፋይሉን እናዘጋልሃለን” የሚል ሽማግሌ የማይችለውን እየሸጠ ነው። (በመንፈሳዊ ቋንቋ ሲሸጥ ደግሞ ይብሳል።)

ሽማግሌ ሆናችሁ ስትቀመጡ ከሟች ወንድሞች ጋር ብቻ አትነጋገሩ። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ በአማቾች እጅ ይገባና ሚስት በወሬ ትሰማለች። እርሷ ራሷ ትቀመጥ፤ የምታምነው ሰውም አብሯት ይኑር። ልጆቹ ስንት ናቸው? ታናሹ ስንት ዓመቱ ነው? አባት በወር ምን ያስገባ ነበር? ይህ ተጠይቆ ይጻፍ፤ የልጆቹ ድርሻ በስማቸው ባንክ ይግባ። ከዚያ በኋላ ጸልዩና አስፈርሙ።